ሦስት ሶላር ፓኔል ለአንድ ፓወር ስቴሽን፦ ከዋቱ በፊት ቮልቱን ይዩ

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ከአሜሪካ ፓወር ስቴሽን ልኮልኛል። የሶላር መግቢያው ላይ “ከ12 እስከ 50 ቮልት፣ 10 አምፔር፣ 220 ዋት” ይላል። እኔ ደግሞ ባለ 100 ዋት ሶላር ፓኔል ሦስት ገዛሁ። ሻጩ “ሦስቱንም በሲሪየስ ቀጥልና ሰካው፣ ትርፉን ራሱ ይተወዋል” አለኝ። ጎረቤቴ ግን “ያቃጥልብሃል” ብሎ አስፈራራኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መብራት ሲጠፋ አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ላፕቶፕና ቲቪ ቢያሠራልኝ ይበቃኛል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ጎረቤትዎን ይስሙ። ሦስቱን በሲሪየስ፣ ማለትም የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር እያያያዙ ከቀጠሉ፣ ፓወር ስቴሽኑ (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚሰጠው ባለ ባትሪ ሳጥን) ገና እንደሰኩት ሊበላሽ ይችላል። ሁለቱን በሲሪየስ ቀጥለው ይጠቀሙ። ሦስተኛውን ምን እንደሚያደርጉት ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ሻጩም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። «ትርፉን ራሱ ይተወዋል» ያለው ለአምፔር ይሠራል፤ ለቮልት አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዋቱን ይደምርና «300 ከ220 ብዙም አይርቅም» ብሎ ይሰካል። ትርፍ ዋት እቃ አይገድልም። የሚገድለው ትርፍ ቮልት ነው።

ነገሩን በውሃ ሮቶ ይዩት። ሮቶው ትልቅ ስለሆነ የቤትዎ ቧንቧ አይፈነዳም፤ ቧንቧው በሚችለው ልክ ብቻ ይቀዳል። ሮቶውን አምስተኛ ፎቅ ላይ ከሰቀሉት ግን ቧንቧውን ከፈቱትም ዘጉትም ግፊቱ አይቀርለትም። አምፔር የሮቶው ስፋት ነው፣ ቮልት ከፍታው። ፓወር ስቴሽኑ ውስጥ ኤምፒፒቲ የሚባል የቻርጅ መቆጣጠሪያ አለ። ከፓኔሉ ስንት አምፔር እንደሚስብ እሱ ይወስናል። መግቢያው ላይ ከፓኔሉ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ግን መከልከል አይችልም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችና ትራንዚስተሮች ለ50 ቮልት የተመረጡ ሆነው ከሦስቱ ፓኔሎች 66 ቮልት (ስሌቱ ወደ ታች አለ) ከመጣባቸው አንዳንዱ ፓወር ስቴሽን የስህተት ምልክት አሳይቶ ይቆማል፤ አንዳንዱ ግን ይቃጠላል። በእርስዎ እቃ አይሞክሩት።

አሁን አንዱን ፓኔል ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። የተለጠፈ ወረቀት አለ። ዓይንዎ መጀመሪያ የሚሄደው 100 ዋት የሚለው ላይ ነው፤ እሱን ይዝለሉት። የሚፈልጉት ቪኦሲ (Voc) የሚለውን ቁጥር ነው። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ ሆኖ ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ የሚሰጠው ቮልት ማለት ነው፤ ከሁሉም ከፍተኛው ቮልት ይሄ ነው። ባለ 100 ዋት ፓኔል ብዙ ጊዜ 22 ቮልት አካባቢ ይጻፍበታል። ቪኤምፒ (Vmp) ደግሞ ሥራ ላይ ሆኖ የሚሰጠው ቮልት ነው፣ 18 አካባቢ። አይኤምፒ (Imp) ሥራ ላይ ያለው አምፔር ነው፣ 5.6 አካባቢ። አይኤስሲ (Isc) ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በቀጥታ ሲነካኩ የሚሄደው አምፔር ነው፣ 6 አካባቢ።

በሲሪየስ ሲቀጥሉ ቮልቱ ይደመራል፣ አምፔሩ የአንዱ ያህል ሆኖ ይቀራል። በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ጋር ሲቀጥሉ አምፔሩ ይደመራል፣ ቮልቱ የአንዱ ያህል ይቀራል። ስለዚህ የእርስዎ ሦስት ፓኔሎች በሲሪየስ 66 ቮልት ናቸው። ገደቡ 50 ነው። የሻጩ ምክር እዚህ ላይ አለቀ። ሁለቱ ደግሞ 44 ቮልት ናቸው፣ ይገባሉ።

ግን 44ም የመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የተለካው የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በግምት 0.3 በመቶ። ሎጊያ ወይም ድሬዳዋ ቢሆኑ ይሄን ብዙም አላነሳውም ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ፓኔሉ ገና ሳይሞቅ ፀሐይ ስታርፍበት ነው ቮልቱ ጣራ የሚነካው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ጭማሪው 7.5 በመቶ ነው፤ 44ቱ ወደ 47.3 ይወጣል። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ 48 አካባቢ ነው። አሁንም ከ50 በታች ነን፣ ግን ክፍተቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ፓኔል ጀርባ ላይ ያለው ቪኦሲ 22 ሳይሆን 23 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ 24 ከሆነ፣ ሁለቱንም በሲሪየስ አይቀጥሉ። ሁለት ጊዜ 24 ያው 48 ነው፣ በውርጭ ጠዋት ከ51 ያልፋል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «ሦስት ትንንሽ ከምትገዛ አንድ ትልቅ ባለ 550 ዋት ውሰድ» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። እነዚህ ትልልቅ ፓኔሎች ለጣሪያ ኢንቨርተር የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ቪኦሲ ብቻውን ወደ 50 ቮልት ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 53 ሊደርስ ይችላል። አንድ ፓኔል ብቻ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም፣ ግን የእርስዎን ፓወር ስቴሽን ለማበላሸት ይበቃል።

ሦስተኛው ፓኔልስ? «ሦስቱንም በፓራለል ብቀጥልስ» ብለው አስበው ይሆናል። ቮልቱ 22 ስለሚሆን ከዚያ በኩል ስጋት የለም። ግን ስሌቱን ይዩት። ሦስቱ በፓራለል 18 ቮልትና ወደ 17 አምፔር ናቸው። ፓወር ስቴሽኑ የሚስበው 10 አምፔር ብቻ ነው። 18 በ10 ሲባዛ 180 ዋት አካባቢ። ሁለቱ በሲሪየስ ደግሞ 36 ቮልት በ5.6 አምፔር፣ 200 ዋት ናቸው። በጠራ ሰማይ ሦስተኛው ፓኔል ይሄ ነው የሚባል ጭማሪ አያመጣም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ አያምንም፣ ግን ምክንያቱ የ10 አምፔሩ ገደብ ነው።

በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ደመና ሆኖ ፓኔሎቹ የአቅማቸውን 40 በመቶ ብቻ ይሰጣሉ እንበል። ሁለቱ በሲሪየስ ወደ 80 ዋት ያመጣሉ፣ ሦስቱ በፓራለል ወደ 120። የ10 አምፔሩ ገደብ ጋ ስለማይደርሱ ሦስተኛው ፓኔል ሥራ ያገኛል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሦስቱን በፓራለል፣ ከመስከረም በኋላ ሁለቱን በሲሪየስ ማድረግ ይቻላል። በእኔ ግምት ግን የተሻለው መንገድ ልክ እንደነዚህ ያለ አራተኛ ፓኔል መጨመር ነው። ሁለት ሁለቱን በሲሪየስ ካያያዙ በኋላ ሁለቱን ጥንዶች በፓራለል ያገናኛሉ። ቮልቱ 44 ሆኖ ይቀራል። በጠራ ቀን ፓወር ስቴሽኑ 220 ላይ ይቆማል፣ በደመና ቀን ግን የአራቱን ሁሉ ያገኛሉ። ይሄን ከማድረግዎ በፊት የፓወር ስቴሽኑን መመሪያ ያንብቡ። አንዳንድ አምራቾች ከ10 አምፔር በላይ መስጠት የሚችል ፓኔል ጨርሶ አታያይዙ ይላሉ። እንደዚያ ካለ መመሪያው ይበልጣል፤ በፓራለል የሚያደርጉትንም ሁሉ ይተዉት።

ሦስቱን በፓራለል ካሉ ለእያንዳንዱ ፓኔል ፊውዝ ያስፈልጋል። አንዱ ፓኔል ውስጡ ሾርት ቢያደርግ የሌሎቹ የሁለቱ አምፔር ተደምሮ ወደ እሱ ይገባል። 12 አምፔር ማለት ነው። ፓኔሉ ጀርባ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ የፊውዝ መጠን ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። የእርስዎ 10 የሚል ከሆነ ያለ ፊውዝ መተው እሳት መጋበዝ ነው። ለእንደዚህ ያለው ባለ 6 አምፔር ፓኔል ለዲሲ (ከሶላርና ከባትሪ ለሚመጣው ኤሌክትሪክ) የተሠራ የ10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ሁለት ፓኔል ወይም ሁለት ጥንድ ብቻ በፓራለል ሲሆን ይሄ ስጋት የለም፤ አንዱ ወደ ሌላው ሊልክ የሚችለው 6 አምፔር ብቻ ስለሆነ።

ለዲሲ የተሠራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ብሬከር አምጥተው የሚያስገቡ አሉ። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፣ ስለዚህ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል። የሶላር ዲሲ ግን ዜሮ አይነካም። ብልጭታው አንዴ ከተነሳ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል። 44 ቮልት በደረቅ እጅ ብዙም አይነዝርም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚደፍረው። የሶላር ዋና አደጋ መንዘር ሳይሆን እሳት ነው።

እሳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከፓኔሉ ወይም ከፓወር ስቴሽኑ አይደለም፤ ከመገጣጠሚያው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከፓኔልዎ ጀርባ የሚወጡት ሁለት ገመዶች ጫፍ ላይ ኤምሲ4 የሚባል ጥቁር ኮኔክተር አለ። ሲገጥሙት ሁለቱ የጎን ጥርሶች ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ። ቀጭ ካላለ አልገባም። ሳብ ሲያደርጉት ከተላቀቀም አልገባም። የማየው ችግር ምን መሰለዎት፤ ገመዱ አልደርስ ሲል ኮኔክተሩን በፒንሳ ይቆርጡትና ሽቦውን ላጥ ላጥ አድርገው፣ ጠምዝዘው በናስትሮ ይጠቀልሉታል። ለአንድ ወር ይሠራል። ከዚያ ፀሐዩ የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል፣ ዝናቡ ይገባል፣ መዳቡ ይጠቁራል። የጠቆረ መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ይሞቃል። ሲሞቅ ይባስ ይጠቁራል። መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ያንን ገመድ ከፍተው ቢያዩት መዳቡ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ በእጅዎ ይሰባበራል። ማስረዘም ከፈለጉ ጫፉ ላይ ኤምሲ4 የተገጠመለት የሶላር ገመድ ይግዙ። ለፓራለል ደግሞ ሁለት ወደ አንድ ወይም ሦስት ወደ አንድ የሚያደርግ የዋይ ቅርጽ ያለው መቀጠያ አለ። ለሲሪየስ ምንም መቀጠያ አያስፈልግም፦ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይቆልፉታል፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች ወደ ፓወር ስቴሽኑ ይሄዳሉ።

የገመዱ ውፍረትም ቀላል ነገር አይደለም። ከጣሪያው እስከ ክፍልዎ 10 ሜትር ነው እንበል፤ ሄዶ መመለሻው 20 ሜትር ሽቦ ነው። ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ከሆነ ሁለቱ ፓኔሎች በሲሪየስ ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ያጣሉ። ባለ 2.5ም ይሠራል። ሦስቱን በፓራለል ካደረጉ ግን አምፔሩ ስለሚበዛ ባለ 4 ካሬ የግድ ነው፣ ባለ 6 ቢገኝ ይመረጣል። ቤት ውስጥ የተረፈ ባለ 0.75 የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ 10 አምፔር ቢለቁበት ከ18ቱ ቮልት ወደ 5 የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ደግሞ የትም አይሄድም፣ ከ40 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ይቀመጣል። ገመዱ ከተጠቀለለ ወይም ምንጣፍ ሥር ካለፈ ችግሩ ይብሳል። የቤት ሽቦ ውጭ ፀሐይ ላይ መዋሉም ጥሩ አይደለም፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። እና እባክዎ ገመዱን በቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ በቀጥታ አያሳልፉት። ንፋስ እያወዛወዘው የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብተው ያሳልፉት።

ወደ ሥራው ስንመጣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መልቲሜትር ያስፈልግዎታል፤ ርካሹም ይበቃል። ፓኔሎቹን ወፍራም ብርድ ልብስ ያልብሷቸው። ተሸፍነው እያለ እርስ በርስ ያገናኟቸው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፍፈው፣ ፓወር ስቴሽኑ ውስጥ የሚገባውን የመጨረሻውን ሶኬት ጫፍ በዲሲ ቮልት ይለኩ። ከ40 እስከ 47 ቮልት ማየት አለብዎት። 66 ካዩ ሦስት ቀጥለዋል። 22 ካዩ ወይ በፓራለል ነው ያገናኙት ወይ አንዱ ፓኔል ሞቷል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጧል፤ ቀዩ ገመድ ላይ ፖዘቲቭ መሆኑን ሳይለኩ አይመኑ። ከኤምሲ4 ወደ ኤክስቲ60 ወይም ወደ ክቡ ሶኬት የሚቀይሩ አስማሚ ገመዶች አንዳንዴ ተገልብጠው ተሠርተው ይመጣሉ። ተገልብጦ ሲገባበት ራሱን የሚከላከል ፓወር ስቴሽን አለ፣ የማይከላከልም አለ። ሁሉም ልክ ከሆነ ፓኔሎቹን እንደገና ይሸፍኑ፣ ሶኬቱን ይሰኩ፣ ከዚያ ይግለጡ። ሲነቅሉም እንዲሁ ሸፍነው ነው። ኤምሲ4ን ፀሐይ ላይ ቻርጅ እያደረገ መንቀል ብልጭታ ያስነሳል፣ ኮኔክተሩንም ያቃጥላል።

ከመልቲሜትሩ ጋር እያሉ የገዙት ፓኔል እውነተኛ መሆኑንም ያረጋግጡ። ገበያ ላይ ዋቱ ተጋኖ የተጻፈበት ብዙ አለ። ቀላሉ ዘዴ የፓኔሉን ስፋት በሜትር መለካት ነው። ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል ከዚያ ውስጥ ከ20 እስከ 23 በመቶውን ይይዛል። ስለዚህ እውነተኛ 100 ዋት ፓኔል ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግማሽ ካሬ ሜትር ሆኖ 300 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ካዩ ወረቀቱ ውሸት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውንም ይዩ። በሲሪየስ አምፔሩ ያነሰው ሌላውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ በፓራለል ደግሞ ቮልቱ ያነሰው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል። አቧራውም በዝናብ ይታጠባል። ከቆርቆሮው ትንሽ ከፍ አድርገው ንፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ያድርጉ። ጥላ ግን ይጠንቀቁ፤ በሲሪየስ ከሆኑ የባሕር ዛፍ ጥላ አንዱን ፓኔል ቢሸፍነው ግማሹን ሊያሳጣዎት ይችላል። ፓወር ስቴሽኑን ከፓኔሉ አጠገብ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። የሊትየም ባትሪ ከ40 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ከዜሮ በታችም እንዲሁ። ቤት ውስጥ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ። በክረምት መብረቅ ሲኖር ሶኬቱን ይንቀሉት።

አንድ ያልጠየቁኝን ልንገርዎት፣ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ። እዚያ የሚሸጡት ፓወር ስቴሽኖች የሚያወጡት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ ቤት እቃ የሚሠራው በ220 ነው። የላፕቶፕና የዋይፋይ ቻርጀር አብዛኛው «ከ100 እስከ 240» ይላል፣ ችግር የለውም። ቲቪውን ጀርባውን ያንብቡ። አምፖሉ 220 ብቻ ከሆነ ወይ ይደበዝዛል ወይ አይበራም፤ በ12 ቮልት ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ ይግዙ። ከሁሉም በላይ ግን ፓወር ስቴሽኑን ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ ከማድረግዎ በፊት መግቢያው 220 እንደሚቀበል ያረጋግጡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግድግዳ ላይ አይሰኩት፣ በሶላሩ ብቻ ይሙሉት።

የመጀመሪያው ቀን ላይ 200 ዋት ባያዩ አይደንግጡ። ፓኔል ሲሞቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ቀትር ላይ ከ150 እስከ 170 ዋት ካሳየዎት ጥሩ እየሠራ ነው። በጠራ ሰማይ ከ100 በታች ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቮልቱን ይፈልጉ። 36 አካባቢ ከሆነ ፓኔሉ አቧራ ይዟል ወይም በደንብ ወደ ፀሐይ አልዞረም። 18 አካባቢ ከሆነ ግን ከሁለቱ አንዱ እየሠራ አይደለም። ጥላ ካላረፈበት ሁለቱን ፓኔሎች የሚያገናኘውን ኤምሲ4 ከውጭ በእጅዎ ጀርባ ነካ አድርገው ይዩ። ከገመዱ ይልቅ እሱ የሞቀ ከሆነ ፓኔሎቹን ሸፍነው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ ያንን ኮኔክተር ይቀይሩት።